የማይለቅ ተቅማጥና የማይስተካከል የደም ማነስ፤ ሴሊያክ ይሆን?

ሆድ ሲነፋ፣ ሲያስቀምጥ፣ ምግብ አልስማማ ሲል በከተማችን የሚኬድበት መንገድ የታወቀ ነው። ሰገራ ይመረመራል፤ ጃርዲያ ወይም አሜባ ተብሎ መድኃኒት ይታዘዛል። ሁለት ሳምንት ያህል ሻል ይልና ተመልሶ ይመጣል። ቀጥሎ የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራ ይደረጋል፤ ሌላ ዙር መድኃኒት ይዋጣል። በሦስተኛው ዙር ታይፎይድ ነው ይባላል። ዓመት ሲሞላው ሰውየው ኪሎው ቀንሶ፣ ፊቱ ገርጥቶ «ጭንቀት ነው፤ ትንሽ ዕረፍት ውሰድ» ተብሎ ይሸኛል።

በዚህ መንገድ ከሚመላለሱት መካከል የአብዛኞቹ ችግር በእርግጥም ጥገኛ ተሕዋስያን፣ ጨጓራ ወይም የአንጀት መቆጣት ነው። ከእነዚህ ሁሉ ያልሆነውና ጠዋት ጠዋት ከሻይ ጋር በሚበላው ዳቦ የሚባባስ ሕመም ያለባቸው ግን አሉ። በሽታው ሴሊያክ ይባላል። በሀገራችን ስሙ እምብዛም ስለማይነሳ ታማሚውም ሐኪሙም ሳያስቡት ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። የሚያሳዝነው ደግሞ ምርመራው ከባድ አለመሆኑ ነው፤ መጀመሪያ የሚያስፈልገው አንድ የደም ናሙና ብቻ ነው።

ሴሊያክ ምንድን ነው?

በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው የአውሮፓ እህል ውስጥ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለ። የስንዴ ሊጥ ሲለወስ የሚለጠጠውና ዳቦው ኩፍ የሚለው በዚህ ፕሮቲን ምክንያት ነው። ሴሊያክ ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ የሰውነቱ የመከላከያ ሥርዓት ተሳስቶ የገዛ አንጀቱን ያጠቃል። ስለዚህ በሽታው የምግብ አለርጂ አይደለም፤ ከምግብ መመረዝም ጋር አይገናኝም። እንደ አንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ሁሉ ሰውነት ራሱን በራሱ ከሚያጠቃባቸው በሽታዎች የሚመደብ ነው።

ጉዳቱ የሚደርሰው በትንሿ አንጀት ላይ ነው። የጤነኛ ሰው አንጀት የውስጠኛው ገጽ እንደ ከፈይ ጨርቅ ነው፤ ቪላይ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ጣት መሰል ቅጥያዎች ይሸፍኑታል። ምግብ ወደ ደም የሚገባው በእነሱ በኩል ነው። በሴሊያክ እነዚህ ቅጥያዎች እያጠሩ ይሄዱና በመጨረሻ ገጹ ይለሰልሳል። ሰውየው ጠግቦ እየበላ ብረት፣ ፎሊክ አሲድ፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ የሚያጣው ለዚህ ነው።

በሽታው እንዲነሳ በዘር የሚወረስ ዝንባሌ ያስፈልጋል። ታማሚዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ኤችኤልኤ ዲኪው2 ወይም ዲኪው8 የሚባሉትን የዘር ምልክቶች የያዙ ናቸው። ይሁን እንጂ በብዙ ሀገሮች ከሕዝቡ ሲሶ የሚሆነው ሰው እነዚህን ይዞ የሚታመመው ጥቂቱ ብቻ ነው። ወላጁ፣ ልጁ፣ ወንድሙ ወይም እህቱ ሴሊያክ ያለበት ሰው የመታመም ዕድሉ ከአሥር አንድ ገደማ ስለሆነ ምልክት ባይኖረውም መመርመር ይኖርበታል።

«የፈረንጅ በሽታ» ነው?

ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ይታሰብ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ሳሙኤል ጊ እ.ኤ.አ. በ1888 በሽታውን በጥንቃቄ ገልጾ ሲጽፍ መድኃኒቱ በምግብ ውስጥ ሳይሆን እንደማይቀር ቢገምትም የትኛው ምግብ ጥፋተኛ እንደሆነ አላወቀም ነበር። ያንን ያገኘው ኔዘርላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ቪለም ካረል ዲከ ነው። ዲከ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምሮ ስንዴን ይጠረጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 መካከል በነበረው የኔዘርላንድ የረሃብ ክረምት ዳቦ ጠፍቶ ሰው የአበባ ሥራሥር እስከ መብላት ደርሶ ሳለ፣ ሌላው ሁሉ ሲጎሳቆል ሴሊያክ ያለባቸው ሕፃናት ግን ተሻላቸው። ዳቦ ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰባቸው። ዲከ ይህንኑ ከባልደረቦቹ ጋር በምርመራ አረጋግጦ እ.ኤ.አ. በ1950 የዶክትሬት ጽሑፉን አቀረበ።

ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከመቶ ሰው አንዱ ገደማ በሽታው እንዳለበት ይገመታል። ከእነዚህም ብዙዎቹ መታመማቸውን አያውቁም። በሕንድ ሰሜናዊ ክፍል፣ በመካከለኛው ምሥራቅና በሰሜን አፍሪካ በብዛት ይታያል። እስካሁን ከተመዘገቡት ሁሉ ከፍተኛ ከሆኑት ቁጥሮች አንዱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናት በምዕራብ ሰሃራ ተወላጅ ሕፃናት ላይ ሲሆን ከመቶው ከ5 በላይ የሚሆኑት ሴሊያክ ነበረባቸው። ጎረቤታችን ሱዳንም ታማሚዎች ከተመዘገቡባቸው ሀገሮች አንዷ ናት። እንግዲህ «አፍሪካዊ አይዘውም» የሚለው አባባል ውኃ አይቋጥርም።

በኛ ሀገር ጉዳዩን ልዩ የሚያደርገው ጤፍ ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም። በኔዘርላንድ የላይደን ተመራማሪዎች 14 የጤፍ ዝርያዎችን መርምረው ሴሊያክን የሚቀሰቅሰው የፕሮቲን ክፍል እንዳላገኙባቸው እ.ኤ.አ. በ2005 በታወቀ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ አሳውቀዋል። ጤፋችን በአውሮፓ ገበያ ተፈላጊ የሆነበት፣ በፓተንት የተነሳም ያ ሁሉ ውዝግብ የተፈጠረበት አንዱ ምክንያት ይኸው ባሕርዩ ነው። ይህ በረከት ግን ከምርመራው አንፃር ሲታይ ሌላም ገጽ አለው። ቀን ከሌት ንጹህ የጤፍ እንጀራ የሚበላ ሰው ሴሊያክ ቢኖርበት እንኳ ጉዳቱ ቀላል ሆኖ፣ ምልክቱ ተደብቆ ሊኖር ይችላል። ያው ሰው ከተማ ገብቶ ቁርሱ ዳቦ፣ ምሳው ፓስታ ሲሆን፣ ወይም ለትምህርት አሜሪካ፣ ለሥራ ኹብዝ ወደሚበላበት የዓረብ ሀገር ሲሄድ ሕመሙ ሊገለጥ ይችላል። «አየሩ አልተስማማኝም» የሚባለው ነገር አንዳንድ ጊዜ ምናልባት ዳቦው ይሆናል።

ምልክቶቹ ከሆድ ውጭም ናቸው

በሕፃናት ላይ በሽታው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ተጨማሪ ምግብ ከጀመሩ በኋላ፣ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። የማይቆም ተቅማጥ፣ የተነፋ ሆድ፣ የቀጠነ ክንድና መቀመጫ፣ ነጭናጫ ጠባይና የኪሎ አለመጨመር ይታያል። እነዚህ ሁሉ በተለመደው የምግብ እጥረት ላይም ስለሚታዩ መለየቱ ይከብዳል። ልዩነቱን የሚጠቁመው፣ በቂ ምግብ በሚያገኝበት ቤት ያለ ልጅ የገብስ አጥሚትና የስንዴ ገንፎ በጨመረ ቁጥር መክሳቱ ነው። ከፍ ባሉ ልጆች ደግሞ የቁመት ማጠር፣ የጉርምስና መዘግየትና የጥርስ ሽፋን ጉድለት ብቻ ሊታይ ይችላል።

በአዋቂ ላይ መልኩ ይለያል። እንደ መማሪያ መጽሐፉ ኪሎውን የሚጥልና ቅባት ያለው ተቅማጥ የሚያስቀምጠው ሰው ቁጥሩ ያነሰ ነው። ሆድ ድርቀት ያለበት፣ እንዲያውም ወፍራም የሆነ ታማሚም አለ። ከሁሉ በላይ መጠርጠር ያለበት ምልክት የብረት እጥረት ደም ማነስ ነው። በሀገራችን የደም ማነስ ብዙ መንስኤ አለው፤ የወር አበባ መብዛት፣ የመንጠቆ ትልና የአመጋገብ ጉድለት ቀድመው መታየት ያለባቸው ናቸው። ነገር ግን እነዚህ ተጣርተው፣ የብረት እንክብል ለወራት በአግባቡ ተውጦ ሄሞግሎቢን ከፍ አልል ካለ እንክብሉ ከአንጀት ወደ ደም እየገባ ላይሆን ይችላል። እዚህ ላይ ተጨማሪ ብረት ከማዘዝ በፊት የሴሊያክ ምርመራ ማዘዝ ይበጃል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የሚታወስ ቢሆን ይህ ቢሆን እንመርጣለን።

ሌሎቹን ባጭሩ እናንሳ። ያለ ዕድሜ የሚመጣ የአጥንት መሳሳት፣ የሚደጋገም የአፍ ውስጥ ቁስለት፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ በእንቅልፍ የማይለቅ ድካም፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የጉበት ኢንዛይም መጨመር፣ ልጅ ለመውለድ መቸገርና የጽንስ መጨንገፍ መደጋገም ይገኙባቸዋል። በክርን፣ በጉልበትና በመቀመጫ ላይ በሁለቱም ወገን የሚወጣ፣ ውኃ የቋጠረና እጅግ የሚያሳክክ ሽፍታ የራሱ የሴሊያክ መገለጫ ነው። ይህ ሽፍታ ያለበት ሰው ሆዱን ጨርሶ ላይሰማው ይችላል። ለዓመታት ቅባት እየቀየረ የቆዳ ሐኪም ጋ የሚመላለስ ሰው ካለ ይህንን ማንሳት አይከፋም።

አንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ፣ ሰውነት የታይሮይድ ዕጢን የሚያጠቃበት ሕመም፣ ዳውን ሲንድረም ወይም ተርነር ሲንድረም ያለባቸው ሰዎች ሴሊያክ በብዛት ስለሚገኝባቸው ሐኪሞች ቀድመው እንዲያስቡበት ይመከራል።

ዳቦ ከማቆምዎ በፊት ይመርመሩ

አሁን ወደ ትልቁ ስህተት እንመጣለን። ሰው ስለ ግሉተን ያነባል፤ ወይም ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ይነግረዋል። «እስቲ ልሞክረው» ብሎ ስንዴ ያቆማል። በሁለት ሳምንት ሆዱ ይቀለዋል። ከወራት በኋላ ምርመራ ሲያደርግ ውጤቱ «ነፃ» ይላል። ሆኖም ይህ ውጤት ምንም አይናገርም። ምርመራው የሚፈልገው ሰውነት በግሉተን ምክንያት የሚያመነጨውን አንቲቦዲ ስለሆነ፣ ግሉተኑ ሲቆም አንቲቦዲውም ቀስ በቀስ ይጠፋል፤ አንጀቱም ማገገም ይጀምራል። ሰውየው ሴሊያክ ይኑርበት አይኑርበት ሳያውቅ ይቀራል።

ስለዚህ ስንዴና ገብስ የሚበሉ ከሆነ ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ አያቁሙ። አስቀድመው አቁመው ከሆነ እንደገና መጀመር ያስፈልጋል። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ ከምርመራው በፊት ቢያንስ ለ6 ሳምንት፣ በቀን ከአንድ በላይ በሆነ ማዕድ ግሉተን ያለበት ምግብ እንዲበላ ይላል። ለኛ ሰው ይህ ማለት ለምሳሌ ጠዋት ዳቦ፣ ማታ ፓስታ ማለት ነው። ግሉተን ሲበላ ክፉኛ የሚታመም ሰው ይህንን ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ ያድርገው። ሁልጊዜ የጤፍ እንጀራ ብቻ የሚበላ ሰውም ሳያውቀው ግሉተን ካቆመ ሰው እኩል ነውና ምን ምን እንደሚበላ ለሐኪሙ በዝርዝር መናገር አለበት። ውጭ ሀገር የተማረ ሐኪም እንኳ «ዳቦ ትበላለህ?» ብሎ መጠየቅ ላይመጣለት ይችላል፤ እዚያ የማይበላ የለምና።

የመጀመሪያው ምርመራ ቲቲጂ አይጂኤ የሚባል የደም ምርመራ ነው። ከእሱ ጋር አብሮ ጠቅላላ የአይጂኤ መጠን መለካት አለበት። ምክንያቱም ከሴሊያክ ታማሚዎች ከመቶው 2 ወይም 3 የሚሆኑት አይጂኤ የሚባለውን አንቲቦዲ ከተፈጥሯቸው ስለማይሠሩ ምርመራው በሐሰት ነፃ ያወጣቸዋል። ለእነሱ አይጂጂ በሚባለው አንቲቦዲ የሚሠራ ሌላ ምርመራ አለ። በየክሊኒኩ የሚገኝ አገልግሎት ስላልሆነ ደም ለመስጠት ከመሄድዎ በፊት ላቦራቶሪውን ሁለቱንም ይሠሩ እንደሆነ፣ ናሙናው ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነም ውጤቱ በስንት ቀን እንደሚደርስ ይጠይቁ። ከመመርመር በፊት መጾም አያስፈልግም።

ውጤቱ ከፍ ያለ ከሆነ ቀጣዩ ኢንዶስኮፒ ነው። እዚህ ላይም መጠንቀቅ ያሻል። በሀገራችን ኢንዶስኮፒ በብዛት የሚደረገው ለጨጓራ ነው፤ መሣሪያው ጨጓራን አይቶ፣ ለባክቴሪያ ናሙና ወስዶ ይመለሳል። ለሴሊያክ ናሙናው መወሰድ ያለበት ከጨጓራ ቀጥሎ ካለው የትንሿ አንጀት መጀመሪያ፣ ዱዎዲነም ከሚባለው ክፍል ነው። ጉዳቱ አንድ ቦታ ኖሮ ሌላ ቦታ ላይኖር ስለሚችል አንድ ቁራጭ አይበቃም፤ ከታችኛው ክፍል ቢያንስ አራት፣ ከመግቢያው ደግሞ አንድ ወይም ሁለት እንዲወሰድ ይመከራል። በዓይን ሲታይ ጤነኛ የሚመስል አንጀት በማይክሮስኮፕ ሲታይ ተጎድቶ ሊገኝ ስለሚችል «ኢንዶስኮፒ ተደርጎልኝ ምንም የለም ተብያለሁ» ማለት ናሙና ካልተወሰደ መልስ አይሆንም። የጥያቄ ወረቀቱ ላይ «ሴሊያክ ይጣራ» ተብሎ መጻፉን ያረጋግጡ። ይህን መጠየቅ ሐኪምን መድፈር አይደለም።

ለሕፃናት ነገሩ ቀለል ብሏል። የአውሮፓ የሕፃናት የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ የቲቲጂ ውጤቱ ከመደበኛው ጣሪያ አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በሁለተኛ የደም ናሙና ላይ የሚሠራ ኢኤምኤ የሚባል ምርመራም ካረጋገጠው ያለ ኢንዶስኮፒ በሽታው አለ ማለት ይቻላል።

የዘር ምርመራው ጥቅሙ በተቃራኒው በኩል ነው። ዲኪው2ም ዲኪው8ም የሌለው ሰው ሴሊያክ የመያዝ ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ በሽታውን ለማስወጣት ይረዳል። ኖረው ማለት ግን ታሟል ማለት አይደለም። በኢንተርኔት የሚሸጡ፣ «ለመቶ ዓይነት ምግብ ያለዎትን አለመስማማት እንነግርዎታለን» የሚሉ የአይጂጂ ምርመራዎች ለዚህ ጉዳይ አይረዱም፤ ገንዘብዎን ይያዙ።

አንጀቱ ተጎድቶ ቢገኝ እንኳ ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላል። ጃርዲያ ራሱ፣ የአንጀት ሳንባ ነቀርሳ፣ ኤችአይቪና ኦልሜሳርታን የሚባለው የደም ግፊት መድኃኒት ተመሳሳይ ነገር ሊያደርሱ ይችላሉ። የደም ምርመራውና የናሙናው ውጤት አብረው የሚነበቡት ለዚህ ነው። ሁለቱም ነፃ ሆነው ስንዴ ሲበላ የሚታመም ሰውም አለ። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ ግን አንጀቱን የሚጎዳ ሴሊያክ ስላልሆነ ጥብቅ ጥንቃቄ አያሻውም።

በሽታው ከተረጋገጠ

መድኃኒት የለውም። ሕክምናው ዕድሜ ልክ ግሉተን አለመብላት ነው። ብዙዎች በሳምንታት ውስጥ ይሻላቸዋል፤ አንጀቱ ሙሉ በሙሉ ለመጠገን ግን በአዋቂ ላይ ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሳይታከም የኖረ ሰው አጥንቱ ይሳሳል፤ በጥቂቶች ላይም የአንጀት ሊምፎማ የሚባል ካንሰር ሊከተል ይችላል።

ለኢትዮጵያዊ ታማሚ መልካሙ ዜና ማዕዱ ግማሽ በግማሽ ዝግጁ መሆኑ ነው። ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ሩዝ፣ ቆጮ፣ ቡላ፣ ድንች፣ ጥራጥሬ፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተትና አትክልት ሁሉ ይፈቀዳሉ። የሚከለከሉት ዳቦ፣ ፓስታ፣ ማካሮኒ፣ ጨጨብሳ፣ ሳምቡሳ፣ ፓስቲ፣ ብስኩት፣ ኬክ፣ የስንዴም ሆነ የገብስ ቅንጬ፣ በሶ፣ የገብስ ቆሎና ገንፎ ናቸው። ከመጠጥ ቢራና ከገብስ ብቅል የሚሠሩ አልኮል አልባ መጠጦች አይሆኑም። ጠላም የገብስ ብቅል ስለሚገባበት እንዲሁ ነው። ከማርና ከጌሾ የተጣለ ጠጅ ግሉተን የለበትም።

«አጃ» ላይ ቆም ይበሉ። በከተማ አጃ ስንል ለሾርባና ለአጥሚት የምንገዛውን እህል ማለታችን ነው፤ እሱ በተፈጥሮው ግሉተን ባይኖረውም ከስንዴና ከገብስ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚመጣ ንጹህነቱ ካልተረጋገጠ አይበላም። በገጠር በብዙ ቦታ ግን አጃ የሚባለው ከስንዴ ዘር የሆነ ጥንታዊ እህል ነው፤ እሱ ግሉተን ሞልቶበታል። ስሙ አንድ፣ እህሉ ሁለት።

እንጀራውም ቢሆን በስሙ ብቻ አይታመንም። የተገዛ እንጀራ ገብስ ወይም ስንዴ ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል። በአሜሪካና በአውሮፓ ባሉ ምግብ ቤቶች ደግሞ የስንዴ ዱቄት መቀላቀሉ የተለመደ ስለሆነ «ሙሉ በሙሉ ጤፍ ነው?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። ቤት ቢጋገርም ዋናው ጉዳይ ወፍጮ ቤቱ ነው። ከፊትዎ የነበረው ሰው ስንዴ አስፈጭቶ ከሆነ የድንጋዩና የመውረጃው ዱቄት ከጤፍዎ ጋር ይደባለቃል። መጠኑ ትንሽ ቢመስልም አንድ ቁራጭ ዳቦ ሁለት ግራም ያህል ግሉተን ሲኖረው፣ በየቀኑ 50 ሚሊ ግራም ብቻ የሚወስድ ታማሚ አንጀቱ እንደሚጎዳ በጥናት ታይቷል። ይህ የአንድ ቁራጭ አርባኛ እጅ ነው። አንዳንዱ ሰው ለቤቱ አነስተኛ መፍጫ ይገዛል፤ ሌላው ከዘመድ ጋር ተሰባስቦ ጤፍ ብቻ የሚፈጭ ወፍጮ ይፈልጋል። እርሾውና የሊጥ ዕቃውም ለብቻ ይሁን። የታሸገ ምግብ ላይ «ከግሉተን ነፃ» የሚል ጽሑፍ ካለ በዓለም አቀፉ መለኪያ መሠረት በኪሎ ከ20 ሚሊ ግራም ያልበለጠ ግሉተን አለው ማለት ነው።

ብዙዎችን የሚያስጨንቅ ሌላም ጥያቄ አለ፤ የቅዱስ ቁርባን ኅብስት ከስንዴ ነው። ይህን ሐኪም ብቻውን የሚመልሰው አይደለም። ታማሚው ሕመሙን ለንስሐ አባቱ ገልጦ መነጋገር ይኖርበታል። ሠርግና ማኅበር ላይ ደግሞ «ዳቦ ቁረስ እንጂ!» የሚል አስተናጋጅ አይጠፋም። «ሐኪም ከልክሎኛል» ማለት ከረጅም ማብራሪያ ይሻላል፤ በኛ ሀገር ይህ ቃል አሁንም ይከበራል።

ከምርመራው በኋላ የቲቲጂ ደም ምርመራ በስድስተኛው ወርና በዓመቱ፣ ከዚያም በየዓመቱ ይደገማል። ቁጥሩ እየወረደ ካልሄደ ግሉተን በአንድ በኩል እየገባ ነውና መጀመሪያ የሚታየው ወፍጮ ቤቱና የሚገዛው እንጀራ ነው። ብረት፣ ፎሊክ አሲድ፣ ቫይታሚን ዲ እና ቢ12 አብረው ይለካሉ፤ የጎደለው ይተካል። የቅርብ ቤተሰብም በዚያው ሰሞን ደሙን ይሰጣል።